“የባንክ ቤቷ ልጅ” ሰርቪስ ገባች!

ስሜንም የሠራሁበትንም ባንክ አልጠራም። ታሪኩ ግን የራሴ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል “ሥራው ገደለኝ፤ ግን የቤት ዕዳ አለብኝ፣ እንዴት ልልቀቅ?” እያለ ሌሊቱን ጣሪያ ቆጥሮ የሚያድር ካለ፣ ለእሱ ወይም ለእሷ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የተወለድኩት ይፋግ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። በአሞሌ ጨው ዘመን ነጋዴ ከሩቅ የሚጎርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። እናቴ እዚያው ሽምብራና ጓያ ቸርችራ ነው ያስተማረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በ2006 ዓ.ም. ባሕር ዳር ባንክ ስቀጠር እናቴ ስሟ ተለወጠ። ገበያ ላይ “የባንክ ቤቷ እናት” ይሏት ጀመር። ይቺ ስም ቀላል እንዳትመስላችሁ! ኋላ ላይ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ስል፣ ከዕዳው እኩል አንቃ የያዘችኝ እሷ ነበረች።

“ዛሬ ነው?”

መጀመሪያ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ጉድለት ሲመጣ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ እሱን ለምጄው ነበር። መከራው የመጣው ዕድገት ሳገኝ ነው። “ተቀማጭ ገንዘብ አሰባስቢ” ተባልኩ። በየወሩ ይህን ያህል አዲስ ደንበኛ፣ ይህን ያህል ብር! ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኬ ይጮኻል። “የዛሬው ስንት ደረሰ?” እሑድ ሠርግ ስጠራ እንኳ አለቃዬ “እዚያ ነጋዴ አይጠፋም፣ አነጋግሪያቸው” ይለኛል። ሰኔ ደርሶ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ቤታችን ውስጥ ሰላም የሚባል ነገር የለም። ጨጓራዬ ተነሣ። እንቅልፍ ራቀኝ። ልጄን በረባ ባልረባው መቆጣት አመጣሁ።

እንዲህም ሆኖ እችለው ነበር። የማልችለው ነገር የመጣው ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አጎቴ አርፎ ይፋግ ለቅሶ የሄድኩ ዕለት ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለው አባቱን የቀበረው የአጎቴ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን ሩዙን እንደ ሸጠ ሰምቻለሁ። አፌን ምን እንደ ከፈተው አላውቅም፣ “ያን ገንዘብ ቤት አታስቀምጠው፣ ሒሳብ ልክፈትልህ እንዴ?” አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። ቀጥሎ “እታለም፣ ዛሬ ነው?” አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያን ዕለት ማታ ባሕር ዳር ስመለስ ለባለቤቴ “ልለቅ ነው” አልኩት። እሱ የመንግሥት መምህር ነው፤ ቁጣ የሚባል ነገር አያውቅም። “እሺ፤ ዕዳውስ?” ብቻ ነው ያለኝ።

የዕዳው ጉድ

ነገሩ እንዲህ ነው። አባይ ማዶ በማኅበር ባገኘነው ቦታ ላይ ቤት ስንሠራ፣ ጥር 2009 ዓ.ም. ከራሴ ባንክ 400 ሺህ ብር ተበድሬአለሁ። ለሠራተኛ የሚሰጥ ብድር ስለሆነ ወለዱ 7 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 20 ዓመት። ወርሃዊ ክፍያው 3,101 ብር። ለባዕድ የማይገኝ ዕድል ነበር። ነገር ግን ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ሠራተኛው ሥራ የለቀቀ እንደሆነ ወለዱ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ይሆናል ትላለች። ያን ጊዜ ይህ ማለት 16 በመቶ ነው። ስፈርም ጮቤ እየረገጥኩ ስለነበር አንቀጿን አላየኋትም። አይቻትም ቢሆን እፈርም ነበር።

በቃ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ጥር 2012 ዓ.ም. ብለቅ ሦስት ዓመት የከፈልኩ እሆናለሁ። በሦስቱ ዓመት ከ111 ሺህ ብር በላይ ከፍለን፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 31 ሺህ ገደማ ብቻ ነው! የቀረው ለወለድ ነው የሚሄደው። የቤት ብድር ጠባዩ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምንከፍለው በብዛት ወለድ ነው። ስለዚህ 369 ሺህ ብር ይቀራል። በ16 በመቶ ሲሰላ ወርሃዊ ክፍያው ከ3,101 ወደ 5,278 ብር ይዘላል። የባለቤቴ ደመወዝ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 4 ሺህ ብር ነበር። ዕዳው ብቻውን ከሱ ደመወዝ በለጠ ማለት ነው።

የኔ ደመወዝ 9 ሺህ ሆኖ በእጄ የሚገባው 6,600 ብር ገደማ ነበር። በሁለታችን ገቢ ዕዳውን ከፍለን 7,500 ይተርፈናል፣ እሱም ወር ሳይሞላ ያልቃል። የት ነው የሚሄደው? አንድ ወር ሙሉ እያንዳንዷን ሳንቲም በደብተር ጻፍን። የሚያሳፍር ነገር ወጣ። በድካምና በብስጭት የማወጣው ገንዘብ ነው! ምግብ መሥራት አቅቶኝ ከውጭ የሚገዛው፣ ታክሲ ጥበቃ አቅቶኝ የምይዘው ባጃጅ፣ ልጄን ስለ ተቆጣሁ ለካሣ የምገዛው አሻንጉሊት፣ የጨጓራ መድኃኒት… ሥራው የሚከፍለኝን ያህል ያስወጣኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቆርጠን ስናየው በ4,700 ብር መኖር ይቻል ነበር።

ሰርቪሷ

ታዲያ ክፍተቱ በምን ይሞላ? ባለቤቴ ወደ ጓሮ ጠቆመኝ። ሰርቪስ ቤቷን። ሁለት ክፍል ናት፤ አንዷ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። “ትልቁን ቤት እናከራየው፣ እኛ እዚህ እንግባ” አለኝ።

አንድ ሳምንት አኮረፍኩት! ዘመድ የመረቀልኝ ቤት፣ እናቴ በይፋግ ገበያ የምትኮራበት ቤት፣ ሰው ተከራይቶት እኔ ጓሮ? ሰው ምን ይላል? የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ዕዳ አልፈራሁም፣ ጨጓራ አልፈራሁም፣ የጎረቤት ዓይን ፈራሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን የአጎቴ ልጅ ዓይን መጣብኝ። ከጎረቤት ዓይን እሱ ከፋኝ። ገባን።

የካቲት 2011 ዓ.ም. ትልቁን ቤት በወር 4,500 ብር አከራየነው። አንድ ቀን የተከራዩ እንግዳ ልብስ ሳጥብ አገኘችኝና “እቴ፣ ባለቤትሽ የት ሄደ? በሩን ይክፈትልን እንጂ” አለችኝ። የጥበቃው ሚስት መስያት ነው። ከፈትኩላት። ማታ ስቀን ሞትን፤ ትንሽም አልቅሻለሁ።

ልብ በሉ፣ ሥራውን ገና አለቀቅሁም። አንድ ዓመት ሙሉ እየሠራሁ ነው የተዘጋጀነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ። መውጫዬ ቀኑ ከታወቀ በኋላ ያው አለቃ፣ ያው ስልክ፣ ግማሽ ቀለለኝ።

“ዘርሽን ለይተሻል?”

ለእናቴ መንገሩ ግን ከሁሉ ከበደኝ። በ2011 ፋሲካ ይፋግ ሄጄ፣ ቡና ተፈልቶ፣ “እማዬ፣ ሥራ ልለቅ ነው” አልኳት።

“ማን አባረረሽ?”

“ማንም።”

ስኒዋን አስቀመጠች። “ምን ልትበይ ነው?” አለችኝ። የቤት ኪራዩን፣ የባሌን ደመወዝ፣ የሒሳብ ሥራ እንደምሠራ ነገርኳት። ሁሉንም ሰምታ “ዘርሽንስ ለይተሻል?” አለች። አልገባኝም።

“ገበሬ ክረምት ሲከፋበት ከብት ይሸጣል፣ ከሰው ይበደራል። ዘሩን ግን አይበላም። ዘሩን የበላ፣ የሚመጣውን ዓመት በልቶታል።” ቀጥላም “ብርም እንዳሞሌ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ዝናቡን አስቢ” አለችኝ።

ባሕር ዳር ስመለስ ዝናቡን አሰብነው። ተከራይ ካለና እኔ ምንም ካላገኘሁ በወር የሚጎድለን 1,500 ብር ገደማ ነው። ተከራይም ከሌለ 6 ሺህ። ስለዚህ ዘራችን የስድስት ክፉ ወራት፣ 36 ሺህ ብር እንዲሆን ወሰንን። የዓመቱ ኪራይ 54 ሺህ ብር ነበር፤ 36ቱን ለይተን በሌላ ባንክ አስቀመጥነው፣ የቀረው ሰርቪሷን ለማሳደስና ለኪራይ ግብር ሄደ። ከሐምሌ ጀምሮ በ4,700 ብር መኖርን ተለማመድን። የተረፈውን አስቀድመን በልተነው የነበረውን ዕቁብ ከፍለን ጨረስንበት። ዕዳው ላይ ግን ተጨማሪ አልከፈልንም። ለምን? ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። የብድሬም ወለድ 7 በመቶ። ጥቅሙ እኩል ለእኩል ከሆነ፣ ገንዘቡ በእጅ ቢሆን ይሻላል ብለን ነው።

ስንብት

ታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ማመልከቻ አስገባሁ። ብዙ ወጣት ተናዶ በአፉ “ለቅቄአለሁ” ብሎ ይወጣል። እንዳታደርጉት! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ደግሞ በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለየተጨማሪው ዓመት ሢሶው። እኔ ስድስት ዓመት ስላገለገልኩ 24 ሺህ ብር ደረሰኝ፤ ግብሩ ተነሥቶ 20 ሺህ ገደማ በእጄ ገባ።

በዚህች ብር ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። እሱ “አሁን ወለዱ 16 በመቶ ሆኗል፣ ከዋናው ዕዳ እንቀንስበት” አለ። ትክክል ነው፤ በዓመት 3,200 ብር ወለድ ያስቀራል። እኔ ግን ወርሃዊ ክፍያውን የሚቀንሰው 285 ብር ገደማ ነው፣ ከዘሩ ጋር ይቀመጥ አልኩ። ያኔ እኔ አሸነፍኩ።

ፈቃድ ባለው የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ውስጥ የነጋዴዎች መዝገብ መያዝ ጀመርኩ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላኝ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ ተባለ። በዚያው ወር መጨረሻ ባሕር ዳር እንቅስቃሴ ተዘጋ። ሱቅ ተዘጋ፣ መዝገብ የሚያስይዝ ነጋዴ ጠፋ። በሚያዝያ ተከራያችን ቤቱን ለቀቀ። ትልቁ ቤት ባዶውን ቆመ፣ እኛ ሰርቪስ ውስጥ። አራት ወር! እናቴ የተናገረችው ዝናብ መጣ።

ከዘሩ 24 ሺህ ብር ወጣ። ሌሊት እየነቃሁ “ምን አቅብጦኝ ለቀቅሁ?” ያልኩበት ቀን አለ፣ አልዋሻችሁም። የዕዳው ክፍያ ግን አንድ ወር እንኳ አልተዘለለም። ሐምሌ ሲገባ፣ የግብር ወቅት ነውና፣ ነጋዴው ደብተሩን ይዞ መጣ። ተከራይም ተገኘ። በ2013 ዓ.ም. ዘራችን እንደ ገና ሲሞላ ባለቤቴ የፈለገውን 20 ሺህ ከዋናው ዕዳ ቀነስንበት። በዚህኛው እሱ አሸነፈ።

ወደ ትልቁ ቤት የተመለስነው መስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ሰርቪሷን በተራዋ አከራየናት። ገቢዬ የባንክ ደመወዜን ያህል እስኪሆን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጨጓራዬ ግን በሦስት ወር ነው የዳነው።

እንግዲህ ወጣቶች…

በ4,700 ብር ወር መግፋት ዛሬ ተረት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አኃዞቼን ሳይሆን አሠራሩን ውሰዱ። የብድር ውላችሁን አውጥታችሁ “ሥራ ብለቅስ?” የምትለዋን አንቀጽ ፈልጉ። አዲሱን ክፍያ አስልታችሁ ገና ደመወዝ እያላችሁ በዚያው ልክ ኑሩ። ዘራችሁን ለዩ። ትዳር ካላችሁ ደብተሩን አብራችሁ ያዙ። ቀን ቁረጡ፤ ቀን የሌለው ልቀቂያ ምሬት ብቻ ነው። ስሌቱ እምቢ ካለ ደግሞ ጊዜውን አራዝሙት እንጂ ራሳችሁን አትዋሹ።

ይሉኝታውን ግን በስሌት አትፈቱትም። እሱን ጓሮ ገብቶ ልብስ እያጠቡ ነው የሚለምዱት።

እናቴስ አትሉኝም? ዘር ለይታ የመከረችኝ ሴት፣ ይፋግ ገበያ ላይ ለአንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ባንክ እንዳለሁ ነው የምትነግረው። ባለፈው ስሄድ አንዲት እናት መንገድ ላይ ይዘውኝ “ልጄ፣ ሒሳብ ክፈችልኝ” አሉኝ። እናቴ አቀረቀረች። እኔም “እሺ እማማ” ብዬ፣ በአቅራቢያቸው ወዳለው ቅርንጫፍ ወስጄ አስከፈትኳቸው። በነጻ። ማታም ማንም “ስንት ደረሰ?” ብሎ አልደወለልኝም።

ቸር ይግጠመን!