እጀ ረጅም፣ እግረ አጭር

ልገዛት አልሄድኩም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ለሚስቴ ብዬ ነው። ሽማግሌው በስልክ «ለመግዛት ነው የምትፈልጋት?» ሲሉኝ «አዎን» ማለቴ ግን አይካድም። ሰው እንዲህ ያለችውን ትንሽ ኃጢአት ካልሠራ የ1967 አልፋ ሮሜዮ ማን ያስነዳዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ከሚላን ባቡር ይዤ ሳሮኖ ወረድኩ። ሽማግሌው ጣቢያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ፤ የመጡት ግን በአሮጌ ፊያት ፓንዳ ነው። አልፋዋ ሰው መቀበያ አይደለችም። ቤታቸው ስንደርስ ጋራዡ ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ለብሳ ቆማለች። ከራስጌ እስከ ግርጌ እየጠቀለሉ ገፈፉላት።

ቀይ ናት። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ፊቷም ጅራቷም ሾጠጥ ያለ። ወዳጆቿ «ዱዌቶ» ይሏታል፤ ለጅራቷ ደግሞ «ኦሶ ዲ ሴፒያ» የሚል ቅጽል አውጥተውላታል፤ የአንድ የባሕር እንስሳ አጥንት ነው። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ለእኔ የመሰለችኝ ብዙ ልብስ ታጥቦባት ሁለት ጫፏ የሟሸሸ ሳሙና ነው። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም።

«ኮፋኖ» ብለው ኮፈኗን ከፈቱ። አራት ሲሊንደር፣ 1,570 ሲሲ፣ ሁለት ካርቡራተር። በጣታቸው እየነኩ «ካንዴላ» አሉኝ፤ ጎንበስ ብለው «ጎማ፣ ፍሬኖ፣ ፓራፋንጎ» አሉኝ። እኔም በየቃሉ ራሴን ነቀነቅኩ። ሚላን በመጣሁበት ሰሞን ዳቦ ቤት ገብቼ ዳቦ መጠየቅ ያቅተኝ ነበር፤ ጋራዥ ቢያስገቡኝ ግን ቀኑን ሙሉ ስጫወት በዋልኩ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ! «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ የእነሱ «ማኪና» ነው። በ1928 ዓ.ም. መጥተው በአምስተኛው ዓመት ሲባረሩ መዝገበ ቃላታቸውን ጋራዥ ውስጥ ረስተውት ሄዱ፤ የኛም መካኒክ ያገኘውን የሚጥል ሰው አይደለም። መሪን ግን አልተበደርነውም። መሪ የራሳችን ነው።

ችግሬም የጀመረው ከመሪው ነው።

የዱዌቶ ወንበር ሰው የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚወድቅበት ነው፤ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ነው። ወደቅኩበትና ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁት። እግሬ ተመቸው፤ እጄን ብዘረጋ ግን መሪው የለም። መኖሩንስ አለ፣ ወንዝ ማዶ ነው። ወደ ፊት ሳብኩት። አሁን እጄ ደረሰ፤ ነገር ግን ጉልበቶቼ ተነሥተው መሪውን ከሥር ተሸከሙት። ፍሪሲዮን ልረግጥ ግራ እግሬን ባነሳ ጉልበቴ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረው። መሃል ላይ አቆምኩት፤ ሁለቱም መከራ እኩል ደረሰኝ። መሪውን ሲቀርቡት ይማታል፣ ሲርቁት አይደረስበትም። (ስለ መኪና ነው የማወራው።)

ሽማግሌው በሩን ተደግፈው አዩኝ አዩኝና ሳቁ። «ይህች የተሠራችው ለጣልያን ነው፤ እጁ ረጅም፣ እግሩ አጭር ለሆነ ሰው» አሉ።

እጀ ረጅም በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አስቤ እኔም ሳቅኩ። እጁ ረዝሞ እግሩ ያጠረ ማለት እኮ ሰርቆ ማምለጥ የማይችል ሌባ ነው። ላስረዳቸው ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ ግን ጎትቶ 1928 ላይ ሊጥለን ስለሆነ ተውኩት።

እጅ ረጅም፣ እግር አጭር የሚለውን ነገር ያመጡት እሳቸው አይደሉም። የድሮ ጣልያን መኪና ሞክሮ የጻፈ እንግሊዛዊ ሁሉ ይህንኑ ሲል ኖሯል፤ የዝንጀሮ አቀማመጥ ያሉትም አሉ። እኔ ግን ሚላን ሜትሮ ውስጥ ከጣልያኖች ጋር ተጣብቄ ስሄድ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፤ ጣቱ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ሰው አላየሁም። አጭር ሰው ሞልቷል፤ የአጭር ሰው እጅ ግን አብሮት ያጥራል። ስለዚህ ጥፋቱን ከሰውነታቸው አውርደን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

አንድ የምጠረጥረው ሰው አለ። ጁዜፔ ፋሪና ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው «ኒኖ» በሚለው ስሙ ነው። በ1906 (ከዚህ በኋላ የምቆጥረው፣ የመኪናዋም 1967 ጭምር፣ እንደ አውሮፓ ነው) ቱሪን ተወለደ፤ ተምሮ ዶክተር ተባለ፤ ከዚያ እሽቅድምድም ገባ። በ1950 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያውን ውድድር ሲልቨርስተን ላይ በአልፋ 158 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ፋንጂዮን በሦስት ነጥብ በልጦ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። እሱን ተመልካች የሚያስታውሰው ግን በአቀማመጡም ነው። ከሱ በፊት የነበሩት፣ እነ ኑቮላሪ፣ መሪው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ክርናቸውን አጥፈው፣ እምቢ ካለ በሬ ጋር እንደሚታገል ገበሬ ነበር የሚነዱት። መኪናው ከባድ፣ መሪው ደግሞ ትከሻ የሚፈልግ ነበርና አይፈረድባቸውም። ፋሪና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሁለት እጁን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ፣ አንገቱን አቀና፣ ግብር ላይ ተጋብዞ ወጡ የዘገየበት መኳንንት መሰለ። በዚህ አቀማመጥ አደጋ አልቀረለትም፤ ስንት ጊዜ ተሰባብሯል። ግን አማረ። ወጣቱ ስተርሊንግ ሞስ ከሱ አይቶ ቀዳ፤ ከሞስ ደግሞ የቀዳውን ማን ይቆጥረዋል? እጅን ዘርግቶ መንዳት የነጂነት ወግ ሆነ።

ፋሪና አልፋን የሠሩትን ሰዎች ወንበር አስለክቷል ብዬ አልምልም። ዝምድናውን ግን ተመልከቱት። አጎቱ ባቲስታ ፋሪና ናቸው፤ ከአሥራ አንድ ልጆች አሥረኛው፤ በቤት ስማቸው «ፒኒን»፣ በፒየሞንቴ ቋንቋ ማሙሽ እንደ ማለት። ማሙሽ አድገው የመኪና አካል የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዝናቸው ከመግነኑ የተነሣ በ1961 የቤት ስማቸውና የቤተሰብ ስማቸው በሕግ ተጋብቶ ፒኒንፋሪና ሆነ። ሰውየው ራሳቸው እጃቸውን ያስገቡባት የመጨረሻዋ መኪና ይህቺው ዱዌቶ ናት ይባላል። በማሙሽ እጅ የተሠራች መኪና እግሬን አልበቃው ስትል ምን ይገርማል?

ይህን ለጨዋታ አልኩት እንጂ ብልሃቱ ሌላ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሆኜ እያየሁት ነበር። ይህች መኪና መሪ የሚያቀል ሃይድሮሊክ የላትም፤ ቆማ ሲያዞሯት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ናት። መሪው ሰፊና ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው፤ ሰፊ ካልሆነ ጉልበት አይገኝም። ሰፊ መሪ ደግሞ ጭን ላይ እንዳያርፍ ራቅ ይላል፣ እንደ አውቶቡስ መሪም ጋደም ይላል። ሞተሩ ከፊት በቁመቱ ተኝቷል፣ ካምቢዮው ከኋላው ተከትሎታል፤ ለእግር የተረፈው ከዚያ የቀረው ነው። ፔዳሎቹም እንደ ዛሬው መኪና ከላይ አልተንጠለጠሉም፤ እንደ እንጉዳይ ከወለሉ በቅለዋል። እነሱን ለመርገጥ እግር ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ እግር ሲሰበሰብ ጉልበት ይነሳል፤ ጉልበት ሲነሳ መሪውን ያገኘዋል። በእጄ ልክ ሆኖ ያገኘሁት ማርሹን ብቻ ነው፤ ከፊት ዘንበል ብሎ «ጨብጠኝ» እያለ ይመጣል።

ለነገሩ 1966ን የመሰለ ዓመት የለም። በመጋቢት ወር ዱዌቶ ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየች። በሚያዝያ መጀመሪያ ባቲስታ ፒኒንፋሪና ሞቱ። በሰኔ መጨረሻ ኒኖ ፋሪና የፈረንሳይን ውድድር ለማየት በተራ መኪና ሲጓዝ ሻምቤሪ አካባቢ ከመንገድ ወጥቶ ሞተ፤ ሩጫው ያልገደለውን መንገዱ ገደለው። በዚያው ዓመት ፊያት ሞስኮ ላይ ከሶቪየት መንግሥት ጋር ውል ፈረመ። አዲሲቱን መኪናውን፣ 124ን፣ ሩስያ ውስጥ ሊያሠራ ነው። ፋብሪካው ቮልጋ ዳር፣ በጣልያኑ ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ተተከለ። ሩስያዎች ብረቷን አወፈሩ፣ ከመሬት አነሷት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡ፣ ሞተሯንም አደሱ። በ1970 መውጣት ጀመረች። ወንበሩና መሪው የሚተያዩበትን ርቀት ግን፣ በኔ ግምት፣ የነካው የለም።

ያቺን መኪና አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ላዳ ናት።

አጎቴ ባለ ላዳ ነበር። ሰማያዊና ነጭ፣ ፒያሳ ተሰልፎ የሚቆም፣ «ኮንትራት ነው» የሚል። እንደኔው መለሎ ነው፤ ቁመት በእናቴ ወገን የመጣ ነው። እኔ ትምህርት ቤት በሌለ ቀን ከኋላ ወንበር ጥግ ይዤ እውላለሁ፤ ደንበኛ ሲበዛ እጠበባለሁ። ስለዚህ አጎቴን የማውቀው ከጀርባው ነው። ትከሻው ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ቀኝ እጁ ተዘርግቶ የእጁ አንጓ መሪው አናት ላይ ተንጠልጥሏል። ግራ ክርኑ መስኮት ላይ ነው። ጉልበቶቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው መሪውን መሃል አስገብተውታል፤ እናቴ «በሥራ ሰዓት እንኳ እንደ ተኛ ነው» ትለው ነበር። እኔም ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ቸርችልን ሲወርድ ያ አቀማመጥ ንቅንቅ አይልም፤ ፍሬን ሲይዝም፣ ከሚኒባስ ጋር ሲሰዳደብም፣ ሒሳብ ሲቀበልም ያው ነው።

መንዳት ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ፍሪሲዮን አልነበረም። «ጉልበትህን ክፈት። ትከሻህን ጣል። መሪው ይምጣልህ እንጂ አትሂድበት» ነው ያለኝ። ኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁበት ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ እንደ ነውር አስጥሎኝ ቀጥ ብዬ፣ ጉልበቴን ገጥሜ፣ ክርኔን አጥፌ እንድቀመጥ አደረገኝ። ሳሮኖ ላይ አልፋ ውስጥ ስታገል የነበረው ያ የመንጃ ፈቃዱ ልጅ ነው።

ወንበሩን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መለስኩት። ወገቤን እስከ መጨረሻው አስጠጋሁ። ትከሻዬን ጣልኩ። ጉልበቶቼን ከፈትኩ፤ ግራው በሩን ነካ፣ ቀኙ ማርሹ አጠገብ አረፈ፣ መሪው መሃላቸው ገባ። ሸራው ወደ ኋላ ታጥፎ ስለነበር ክርኔን በሩ ላይ አወጣሁ። እጄን ዘረጋሁ፤ የእጄ አንጓ መሪው አናት ላይ ጠብ አለ።

«አንዲያሞ» አሉ ሽማግሌው ከጎኔ እየወደቁ።

ሄድን። መኪናዋ ቆማ ሳለች የድንጋይ ያህል የከበደው መሪ አሥር ሜትር ስንጓዝ እንደ ወረቀት ቀለለ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ማርሚታዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ሦስተኛ ላይ መዝፈን ጀመረች። የመስተዋቱ ክፈፍ ትክክል ቅንድቤ ላይ ስለሚያርፍ ትራፊክ መብራት ለማየት እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ማለት አለብኝ፤ ለዚህ አጎቴም መድኃኒት የለውም። ሽማግሌው አንደኛው አደባባይ ላይ የሌለ ፍሬን ረገጡ፤ ሁለተኛው ላይ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ ኮሞ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ስንወጣ ዓይናቸውን ከመንገዱ አንሥተው እኔን ማየት ጀመሩ። ጉልበቴን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ክርኔን አዩ።

«ከዚህ በፊት አልፋ ነድተሃል» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አልነዳሁም» አልኩ። «ላዳ ነው።»

ዝም አሉ። ሁለት ጠመዝማዛ አለፍን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቼንቶቬንቲኳትሮ» አሉ፤ መቶ ሃያ አራት። ሩቅ አገር ተድራ፣ ከባልዋ ወገን ብዙ መከራ አይታ፣ ስንት ልጅ የወለደች የአክስታቸውን ልጅ ስም የጠሩ ነው የሚመስሉት።

ደጃቸው ላይ ስደርስ ዳር ይዤ አቆምኩና ሳላስበው ዘንበል ብዬ በሳቸው በኩል ያለውን በር ከውስጥ ከፈትኩላቸው። አጎቴ ለደንበኛ እንደዚህ ነበር የሚከፍተው፤ የላዳው በር ከውጭ አይከፈትማ። ሽማግሌው ግን አልወረዱም። ዋጋውን ደገሙልኝ። እዚህ አልጽፈውም፣ ሚስቴ ታነበዋለች። እኔም እጄን መሪው ላይ እንደዘረጋሁ «ትንሽ አይቀንሱም?» አልኳቸው።