ለክብር የሚያበቃው ሰዓት ነው ወይስ ድል?

ሩጫ ካቆሙት አትሌቶቻችን መካከል ስማቸው በክብር አዳራሽ ሊቀረጽ የሚገባው የትኞቹ ናቸው? ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሰዓትና ወደ ክብረ ወሰን ይሄዳል። «ስንት ክብረ ወሰን ሰበረ?» ይባልና መልሱ «አንድም» ከሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ የዓለም ክብረ ወሰን ወደ ክብር ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ይሁን፤ ያለ እሱ ማንም አይገባም ማለት ግን ስህተት ነው። እንዲህ ያለው መስፈርት ከጀግንነቱ ይልቅ ዕድሉን ይለካል። ዕድል ደግሞ ለኢትዮጵያ ሯጮች በየዘመኑ እኩል አልታደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሐሳብ ያለፈ፣ በተግባር ያለ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2012 የራሱን የክብር አዳራሽ ሲያቋቁም በመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ውስጥ ሻምበል አበበ ቢቂላን አስገባ፤ ደስ ብሎናል። ያስቀመጠው መስፈርት ግን ጠበቅ ያለ ነበር፦ ቢያንስ ሁለት የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ አንድ የዓለም ክብረ ወሰን፣ ደግሞም ሩጫ ካቆሙ አሥር ዓመት መሙላት። ለየት ያለ አስተዋጽኦ ላላቸው ጠባብ ቀዳዳ ቢተውም ዋናው ደንብ ይህ ነው። በዚህ ደንብ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠርን ብንመዝነው ይወድቃል። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉም ትወድቃለች። ማርሽ ቀያሪውን ምሩጽንና የባርሴሎናዋን ጀግና ደራርቱን የሚጥል ሚዛን ካጋጠመን ከሯጮቹ በፊት ሚዛኑን መመርመር ይገባናል።

ክብረ ወሰን እንዴት እንደሚሰበር እናስብ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በ1994 የሰበረው በኔዘርላንዷ ሄንግሎ ነው። የ10,000 ሜትሩን 26:22.75 በ1998 የሮጠውም እዚያው ሄንግሎ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 ለ5,000 ሜትር ወደዚያው ሄደ፤ በ2005 ለ10,000 ሜትር ወደ ብራስልስ። አዲስ አበባ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልተሰበረም፤ አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ረጅም ርቀት በክብረ ወሰን ፍጥነት መሮጥ አይቻልምና። ለክብረ ወሰን ዝቅ ያለ ቦታ፣ ነፋስ የሌለበት ምሽት፣ በተቀመረ ፍጥነት እየመሩ መሀል ላይ የሚወጡ አሯሯጮች፣ ግብዣ የሚያመጣ ማናጀር፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልጋሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫችን ወይም በጉና ተራራ ግርጌ የሚሮጥ ልጅ ሳንባው ይጠነክር ይሆናል፤ እዚያው ሆኖ ግን የዓለም ክብረ ወሰን ሊሰብር አይችልም። አገሩ የሰጠችው ጉልበት ቁጥር ሆኖ የሚመዘገበው ሰው ሲያወጣው ብቻ ነው። በምሩጽ ዘመን ደግሞ የት እንደሚወዳደር የሚወስነው ሯጩ አልነበረም፤ መንግሥትና ፌዴሬሽኑ ነበሩ። በየክረምቱ አውሮፓን እየዞሩ ሰዓት ማሳደድ የኋለኛው ትውልድ ዕድል ነው።

ሻምፒዮና ሌላ ነገር ነው። አሯሯጭ የለም፤ ቀኑን የሚመርጥልህ የለም፤ ማጣሪያ ሮጠህ በደከመ እግር ፍጻሜ ትገባለህ፤ አጠገብህ የዓለም ምርጦች አሉ፤ ካመለጠህ አራት ዓመት ትጠብቃለህ። ማስረጃ ከተፈለገ ሲድኒ 2000 ይበቃል። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ27:18.20 ሲሆን ቴርጋት 27:18.29 ገባ። የሁለቱ ልዩነት የሰከንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ያ የኃይሌ ሰዓት እርሱ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሄንግሎ ላይ ከሮጠው በ55 ሰከንድ ይዘገያል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ እያስታወሰ የሚያነሳው የትኛውን ሩጫ ነው? የሄንግሎው ፈጣን ሰዓት ነው ወይስ የሲድኒው ዘገምተኛ ድል? ለዚህ መልስ ጥናት አያስፈልገውም። በሰዓት ቢለካ ሲድኒ ተራ ሩጫ ነው፤ በድል ቢለካ ግን ከአገሪቱ ታላላቅ ቀኖች አንዱ ነው። የክብር አዳራሽ የሚሠራውም እንዲህ ያለውን ቀን ለማቆየት ነው።

በድል መመዘን የቆየ ልማዳችንም ነው፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ፎካሪ ሲነሳ የሚያወሳው ማንን እንደገጠመ፣ የት እንደቆመ፣ ሲከፋ እንዳልሸሸ ነው። ሰሚውም ፉከራውን የሚቀበለው ሥራውን ያየ ምስክር ሲኖር ነው። የሯጮቻችንም ክብር በዚሁ ሥርዓት ቢመዘን ከቁጥሩ ሠንጠረዥ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ማንን ገጠመ? በየትኛው መድረክ? በምን ሁኔታ?

ምሩጽን በእነዚህ ጥያቄዎች እንየው። ሙኒክ 1972 በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በዚያ ውድድር ያሸነፈው ላሴ ቪረን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ሞንትሪያል 1976 የምሩጽ ዘመን ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። እሱ ግን ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። በ1977 ዱሰልዶርፍ ላይ በተካሄደው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። በ1979 እዚያው ሞንትሪያል ላይ ሁለቱንም ደገመ። በ1980 ሞስኮ ላይ በመጨረሻው ዙር ማርሹን ቀይሮ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ይህ ሰው የዓለም ክብረ ወሰን አልነበረውም። ታዲያ ምን ጎደለው?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ሞስኮ ላይ አሜሪካም፣ ምዕራብ ጀርመንም፣ ኬንያም አልነበሩም፤ ድሉ የቀለለ ነው» ይላሉ። ተቃውሞው ክብደት ስላለው ሸሽተን አናልፈውም። መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምሩጽ አሜሪካና ጀርመኖች በተገኙባቸው ሁለት የዓለም ዋንጫዎች አስቀድሞ አራት ጊዜ አሸንፏል፤ ሞስኮ ያንኑ አጸናለት እንጂ በባዶ ሜዳ የተገኘ ዕድል አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሞስኮ ላይ ያልመጡት ሞንትሪያልን ከቀማው ፖለቲካ ጋር በሚመሳሰል ፖለቲካ ነው፤ በ1976 የተዘረፈውን ሳንቆጥርለት በ1980 የቀሩትን ብንቆጥርበት ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በ10,000 ሜትሩ ቪረን ራሱ ነበር፤ አምስተኛ ወጣ።

«ሰዓት ግን አያዳላም፤ ከሰው አስተያየት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ሰዓቱ በእርግጥ አያዳላም፤ ሰዓቱ ፊት የሚቆመውን የሚመርጠው ዓለም ግን ያዳላል። የሴቶች 10,000 ሜትር ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1988 ሲሆን በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ሴኡል አልሄደችም። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ1992 ስታሸንፍ ለወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በሲድኒ ደገመች፤ በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ ጨመረች። ከእርሷ በፊት የኢትዮጵያ ሴቶች በዚህ መድረክ ወርቅ አልነበራቸውም፤ ከእርሷ በኋላ ወርቁ የተለመደ ሆነ። ይህን የትኛው ሰዓት ይመዘግበዋል? ደግሞም ክብረ ወሰን ራሱ የሚታመን ቋሚ ነገር አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የማራቶን ሰዓትን በይፋ ክብረ ወሰን ብሎ መመዝገብ የጀመረው በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት «የዓለም ምርጥ ሰዓት» ብቻ ይባል ነበር። ደንቡን ቃል በቃል ብንይዘው የአበበ የሮምና የቶኪዮ ሰዓት እንኳ ያከራክራል።

ይህ ሙግት ሰዓትን ለመናቅ የቀረበ እንዳይመስል በላይነህ ዲንሳሞን አነሳለሁ። በላይነህ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ። ያ ሰዓት እስከ መስከረም 1998 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አልተደፈረም። በዚያው በ1988 አገሩ ከሴኡል ኦሎምፒክ ቀረች፤ በ1984ም ከሎስ አንጀለስ ቀርታ ነበር። የዘመኑ ፈጣን የማራቶን ሯጭ በብቃቱ አናት ላይ ሳለ ኦሎምፒክ ተዘጋበት። ሁለት ወርቅና ክብረ ወሰን አንድ ላይ የሚጠይቀው ደንብ ምሩጽን በሰዓት፣ በላይነህን በወርቅ ይጥላል፤ ሁለቱንም የበደላቸው ከእጃቸው ውጭ የነበረ ነገር ነው። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖም በ1978 አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አገሩ ከሁለት ኦሎምፒኮች በመቅረቷ ያለ ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ቀርቷል። ስለዚህ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት መንገድ እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ከሦስቱ አንዱን ያሟላ ይግባ። የመጀመሪያው፣ ሁለት የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ በግል ያገኘ። ሁለተኛው፣ የዓለም ክብረ ወሰን ወይም በዘመኑ እንደዚያ የሚታየውን ሰዓት የያዘ። ሦስተኛው፣ አንድ የኦሎምፒክ ወርቅ ኖሮት ከእርሱ በፊት ማንም ያልከፈተውን በር የከፈተ። ሻምበል ማሞ ወልዴ በሦስተኛው ይገባል። ሜክሲኮ 1968 አበበ ተጎድቶ ከማራቶኑ ሲወጣ ወርቁ ከኢትዮጵያ እጅ እንዳይወጣ ያደረገው እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ያገኘው ብር ደግሞ ከማራቶን ውጭ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ምሩጽ፣ ደራርቱና ኃይሌ የሄዱበትን መንገድ የጠረገው ማሞ ነው። ፋጡማ ሮባም በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት፤ ቦስተንን ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ 2000ንና ኤድመንተን 2001ን በማራቶን ስላሸነፈ በመጀመሪያው መንገድ ይገባል።

«እንዲህ ከሆነ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ክብሩም ይረክሳል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ስለዚህ ቆጥረን እንየው። እስከ ሲድኒ ባለው ትውልድ በእኔ ቆጠራ የሚገቡት ስምንት ናቸው፦ አበበ፣ ማሞ፣ ምሩጽ፣ በላይነህ፣ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ኃይሌና ገዛኸኝ። በ40 ዓመት ስምንት ሰው ብዙ አይደለም። የሚቀሩትም አሉ፤ መስፈርት የሚያስቀረው ከሌለ መስፈርት አይባልምና። ሚሊዮን ወልዴ በሲድኒ የ5,000 ሜትር ወርቅ ቢያገኝም ወርቁ አንድ ነው፤ በሩንም ከእርሱ በፊት ምሩጽ ከፍቶታል። ከኋለኛው ትውልድ ስለሺ ስህን በአቴንስና በቤጂንግ የብር ሜዳሊያ ቢያመጣም የግል ወርቅ የለውም። መቅረታቸው ያማል፤ ግን ይቀራሉ። በ1999 ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ ሦስት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ እያላት በዚህ መስፈርት በጥቂቱ ትቀራለች። በእርሷ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ካለ ሙግቱን በደስታ እሰማለሁ፤ የሚያሳፍር ክርክር አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከመሮጫው ውጭ ያለው ሕይወት ነው። ማሞ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተከሶ ለዓመታት ታሰረ፤ ክሱን ሲያስተባብል ኖረ፤ በ2002 የስድስት ዓመት ፍርድ ተሰጥቶት የታሰረበት ጊዜ ከዚያ በልጦ ስለተገኘ ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት አረፈ። አሜሪካኖች በቤዝቦል የክብር አዳራሻቸው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረዋል። እዚያ ጋዜጠኞች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል፤ መመሪያውም ጠባይን እንዲመዝኑ ያዛል። በዚህ ምክንያት በሜዳ ላይ ተወዳዳሪ ያልነበራቸው ተጫዋቾች ውጭ ቀርተዋል። እኔ ከሜዳ ውጭ ያለው ታሪክ ሳይደበቅ ከስሙ ሥር ይጻፍ እላለሁ፤ የተጠረጠረበትም፣ ያስተባበለውም፣ የተፈረደበትም። የሜክሲኮው ድል ግን በሕዝብ ፊት የተፈጸመ ነው፤ ምንም ዓይነት ፍርድ ሊሽረው አይችልም። ታሪክን ሙሉ አድርጎ መጻፍ ሰውን ከመዝገብ ከመፋቅ ይሻላል።

ከቤዝቦሉ ልንወስደው የሚገባ ሌላም ትምህርት አለ፤ እሱም ግልጽነቱ ነው። መስፈርቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚፈለገው ድምፅ ይታወቃል፤ ብዙዎቹ መራጮችም የመረጡትን በስማቸው ጽፈው ይከራከሩበታል። እኛ ዘንድ ግን ክብር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ባለሥልጣን በወደደ ዕለት ነው፤ አንዱ ስታዲየም፣ አንዱ አደባባይ፣ አንዱ ምንም። ይህ ለተከበረውም አያኮራም፤ ለተረሳው ደግሞ በደል ነው። የተጻፈ መስፈርት ቢኖር የምሩጽ ቤተሰብ ለምን እንደገባ፣ የስለሺ ወዳጅ ለምን እንደቀረ ያውቃል፤ ቅር ቢለውም አይጠረጥርም።

ጊዜውም እየሄደ ነው። ማሞን በ2002 አጣን። በ2016 ምሩጽን በቶሮንቶ፣ በዚያው ዓመት የብዙዎቹን ድል ያነጹትን አሰልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን አጣን። በላይነህ፣ ፋጡማ፣ ገዛኸኝና ደራርቱ ግን ክብራቸውን በጆሯቸው ሊሰሙ ይችላሉ። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ፣ የስፖርት ጋዜጠኞችና የቀድሞ አትሌቶች ተቀምጠው መስፈርቱን ይጻፉ፤ ሲጽፉም የሄንግሎን ምሽት ከሲድኒ ቀን በላይ አያስቀምጡ። የዓለም መዝገብ ለሰዓት ያደላ እንደሆነ የእኛ መዝገብ ለድል ይቁም፤ ምሩጽና ደራርቱ የማይገቡበት አዳራሽ የኢትዮጵያ ሩጫ አዳራሽ ሊባል አይችልምና።