ሞተ፣ አረፈ፣ ተገደለ

እንግሊዝኛ የሚማር የእኛ ልጅ ሞት ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። “ዳይድ” ግስ ነው፤ “ዴድ” ቅጽል። እኛ ግን “ሞቷል” ብለን ሁለቱንም በአንድ ቃል እንገላገላለን። ሳስተምር “ሰውዬው ትናንት ዴድ ነበር” ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አጥቼ አላውቅም። “ታዲያ ዛሬ ተነሣ?” እላለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል።

ቋንቋችን ግን የሞት ቃል አልቸገረውም። መነኩሴ ያርፋል፤ ወታደር ይሰዋል። መርዶው እስኪነገር ደግሞ ሟቹ “ትንሽ ደከም ብሎታል”። ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ ወይስ ራሳቸውን ሰዉ? ድርጊቱ አንድ፣ ፍርዱ ለየቅል። እንግሊዞች “ኮሚትድ ሱሳይድ” ይላሉ፤ “ኮሚት” ወንጀል ለፈጸመ ሰው የሚነገር ግስ ነው። ራስን መግደል በአገራቸው እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ወንጀል ነበርና ግሱ ከሕጉ በኋላም ቀረ።

ይህ የአስተማሪ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ወደ ዳባት ይምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ፣ ጭና በተባለው የገጠር መንደር ከ120 በላይ ሰላማዊ ሰዎች በትግራይ ኃይሎች መገደላቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት ተናገሩ። የትግራይ ኃይሎች አስተባበሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በበኩሉ የዓይን እማኞችን አነጋግሮ፣ ታጣቂዎቹ በጭና ሰላማዊ ሰዎችን መረሸናቸውን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. አወጣ።

እንግዲህ ዜና ጸሐፊው ብዕሩን ያነሣል። “ሞቱ” ይበል? ወባም ይገድላል፤ ሰው በእርጅናም ይሞታል። “ሕይወታቸውን አጡ” ይበል? ሕይወት እንደ ፍየል ከመንጋ ተነጥላ የጠፋች ይመስል! “ሕይወታቸው አለፈ” ቢልስ? ማን አሳለፋት? “ሞተ” ባለቤቱ ሟቹ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይፈልግም። “ተገደለ” ስትል ግን ገዳዩ ባይጠራም ከበሩ ውጭ ቆሞ ይታያል፤ አንባቢም “ማን?” ማለቱ አይቀርም። ያንን ጥያቄ የሚፈራ ሰው ነው “ሞቱ”ን የሚመርጠው።

በዚያው በ2013 ዓ.ም. ማይካድራም፣ አክሱምም ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። የራሳችን ወገን ሲሆን “ተጨፈጨፉ”፣ የሌላው ሲሆን “ሕይወታቸው አለፈ” የምንል ከሆነ፣ ሰዋስዋችን ሳይሆን ኅሊናችን ነው የተበላሸው። በተማሪው “ዴድ” ስቀናል፤ የእርሱን ስሕተት ግን በቀይ እስክሪብቶ ማረም ይቻላል።