የማኪያቶ ዋጋና የጨዋታ ዋጋ

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖር ሰው ካፌ አጣሁ ብሎ አያማርርም። ከሲኤምሲ መንገድ ጀምሮ በየሕንፃው ሥር አንድ አለ፤ ወንበሩ ያማረ፣ መስተዋቱ የጠራ። እኔ ግን ቤትን የምመዝነው በሽሮው ነው። ሽሮን አሳምሮ የማይሠራ ቤት ስለ በርገሩ ባይነግረኝ እወዳለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ምግብ ጀምሬ ወደ ፖለቲካው መግባቴ አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከተወ ወዲህ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ተለጣፊ ወረቀት እየተደረበበት ይታደሳል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «15 በመቶ ታክስን አይጨምርም» ይላል። (ደቃቁን ፊደል አስቀድሞ የሚያነብ ተመጋቢ ደመወዝተኛ ለመሆኑ አልጠራጠርም።) ባለካፌውን አልወቅስም፤ ዘይቱም ወተቱም ኪራዩም ጨምሮበታል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ካፌ የክርክር አደባባይ ነበር፤ መምህሩም ተማሪውም በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ የተከፈተው ቶሞካ፣ ቆመው የሚጠጡበት ቤት ሆኖ እንኳ፣ ጨዋታ አላጣም። ዛሬ ባልደረቦቼ ቡናቸውን ከቢሮ ፔርሙዝ ይቀዳሉ። ታዲያ መምህር በማይቀመጥበት ካፌ ስለ አገር የሚያወራው ማን ነው? በሰፈሬ እንዳየሁት ከሆነ ደላላው ነው፤ እርሱም የሚያወራው ስለ መሬቷ የካሬ ዋጋ ነው።