የሐዘን ዓመት ሬዲዮ

የሬዲዮ ድንጋይ ግዛ ተብሎ ሱቅ ያልተላከ የገጠር ልጅ ይኖራል ብዬ አላምንም። እኔም ከእንጅባራ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ስላደግሁ ስንቱን ድንጋይ ተመላልሻለሁ! አባቴ ቆጣቢ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ድምፁ መለስ ሲል «ይኸው፣ ገና ዕድሜ አለው» ይላል። እኛ ልጆቹ ሬዲዮን የምታናግረው ፀሐይ ትመስለን ነበር።

አባቴ ጥር 2011 ዓ.ም. አረፈ። እናቴ ከቀብር እንደተመለሰች ሬዲዮውን ዘጋችው፤ የዳንቴል ልብሱን አልብሳም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። የሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትምና ማንም ምንም አላለም። እኔ ከአዲስ አበባ እየደወልሁ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ዲከረንሱ ችግኝ እጠይቃታለሁ። ስለ አባቴ ግን አንድም ቀን አላነሳሁባትም። እንዳላስለቅሳት ነበር ሐሳቤ። እሷም አላነሳችብኝም።

ለሙት ዓመቱ ወረድሁ። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብሩት በዓል ተቃርቦ ስለነበር ከተማው ውስጥ የተሸለመ ፈረስ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ተዝካሩ ወጥቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ጭር ሲል እናቴ ሬዲዮውን አወረደች። ልብሱን ገፈፈች፤ ማብሪያውን አዞረች። ዝም። ደግማ አዞረች። ዝም።

ክዳኑን ስከፍተው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ረገፈ። ድንጋዮቹ አብጠው ፈሰዋል፤ ድንጋዩን የሚይዘው ጥምዝምዝ ሽቦ አረንጓዴ ለብሷል።

«አዲስ እገዛልሻለሁ» አልኋት ወዲያው። ከተማ የከረመ ልጅ ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነው።

«መጀመሪያ አሳየው» አለችኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ አቀናሁ። ከገበያው አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ የሰው ስልክና የሰው ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ የተከመረበት ወጣት አገኘሁ። ሬዲዮውን ገልጦ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ሳይወጣ ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

«አንድ ዓመት። ሐዘን ላይ ስለነበርን አልተከፈተም።»

«ነፍስ ይማር» አለና ጥቂት ዝም ብሎ ቀጠለ፤ «ሰው ሬዲዮውን ሲዘጋው ያሳረፈው ይመስለዋል። ድንጋዩ ግን አያርፍም።»

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። የተራ ድንጋይ ጣሳው ዚንክ ነው፤ ጉልበት የሚሰጠውም ይኸው ዚንክ እየተበላ ነው። ሬዲዮው ሲዘጋ መበላቱ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። ጣሳው ሳስቶ ሲበሳ ውስጡ ያለው አሲድ ይፈሳል፤ ያገኘውን መዳብ ሁሉ እየበላም አረንጓዴ ያደርገዋል። ክፋቱ ደግሞ ቦርዱን በሸፈነው ቀለም ሥር ለሥር መሄዱ ነው። ላይ ላዩን ደህና የመሰለው መሥመር ውስጡ ተቆርጦ ይገኛል።

ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ አጠበው። ከዚያ ከበስተኋላው የስልኩን መብራት አበራበት። መዳቡ ጥላ ሆኖ ታየ፤ ጥላው የተቋረጠባቸውን ቦታዎችም በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው። ሦስት መሥመሮች ተቆርጠዋል። ከአጭር ሞገዱ መጠምጠሚያዎች የአንዱ ሽቦ፣ ከፀጉር የቀጠነው፣ ጨርሶ ተበልቷል።

«ሦስት ምርጫ አለዎት» አለኝ። የተቆረጡትን መሥመሮች በቀጭን ሽቦ እያገናኘ መበየድ አንዱ ነው፤ 150 ብር። ሬዲዮው ይናገራል፤ አጭር ሞገዱ ግን አይመለስም። ሁለተኛው መደርደሪያው ላይ ካለ የሞተ ሬዲዮ ቦርዱን ነቅሎ መትከል ነው፤ ሁሉንም ሞገድ ይይዝ ይሆናል፤ ግን እሱም አርጅቷል፤ የራሱ በሽታ አያጣም። ሦስተኛው አዲስ መግዛት ነው፤ ዋጋውም ከጥገናው ብዙ አይርቅም።

እኔ ልቤ ወደ አዲሱ ነበር። የሚከብደኝ የአጭር ሞገዱ ነገር ነው። አባቴ ማታ ማታ አንቴናውን እያዟዟረ የሚያሳድደው ጣቢያ እዚያ ላይ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረው የጀርመን ድምፅ። አጭር ሞገድ የሌለው የአባቴ ሬዲዮ የአባቴ ሬዲዮ ነውን? ያለ እናቴ ፈቃድ የምወስነው አልሆነምና ደወልሁላት።

ሦስቱንም ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«የጀርመኑን የሚሰማው አባትህ ነበር» አለችኝ። «ለኔ በአዊኛ የሚያወራው ይበቃኛል። በእጄ የዘጋሁትን በእጄ ልክፈተው። ካልሆነለት አዲስ ታመጣለህ፤ ለሣጥን አላለቅስም።»

ዓመት ሙሉ «አባትህ» የሚል ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ «አጭር ሞገዱን ስትፈልገው ያን ሁሉ ጩኸት እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ማን ቻለው? ስንቴ ተጣላነው!» አለች። ከዚያ ስለ እሱ አወራችልኝ፤ የአንቴናውን፣ የፀሐዩን ድንጋይ፣ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር። ወጣቱ እየበየደ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ የስልኬ ሒሳብ እስኪያልቅ አወራን። ሁለታችንም አለቀስን፤ ዓመት ሙሉ የተጠነቀቅንለት ልቅሶ የፈራሁትን ያህል አልነበረም።

ማታ እቤት ስደርስ ሬዲዮውን ተቀብላ ማብሪያውን ራሷ አዞረች። መርፌውን ወዲያና ወዲህ ስትገፋው ቆይታ ከአማራ ሬዲዮ የአዊኛው ድምፅ መጣላት። ድምፁ ትንሽ ይሻክራል። «ጉንፋን ይዞታል» አለችና ቡናዋን ልትቆላ ተነሳች።

ዛሬም ጎረቤት ለቅሶ ሲኖር ሬዲዮዋን ትዘጋለች። ድንጋዩን ግን አውጥታ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥኑ ላይ ታስቀምጠዋለች።