ፈታኝን ማመስገን

ከቃለ መጠይቅ የወጣ ተወዳዳሪ ለጠየቁት መምህራን የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ይገባዋል? ወይስ ነውር ነው? ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። እኛ አራት የዶርም ጓደኛሞች ግን ከፔዳ በር ተነሥተን ጣና ዳር እስክንደርስ፣ እዚያም ያዘዝነው ቡና መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተሟግተንባት ሳንስማማ ተመለስን። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ መድረሱ አይቀርምና እስቲ አንድ ሁለት እንበልበት።

መነሻው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም.፣ ፔዳ ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ፣ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ በዚህች በባሕር ዳር ስንቱ ተማሪ ደብተሩን አስቀምጦ ጠመኔ እንዳነሣ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። እኛም የምረቃው ሰሞን ሲቃረብ «ግራጁዌት አሲስታንት» የምትል ቃል ሰሌዳ ላይ ካየን እንቅልፍ የለንም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ትራንስክሪፕት ይባዛል፤ ኮት ከጓደኛ ይለመናል። ቦታው ግን አንድ ነው። ለዚያች ለአንዲት ቦታ ከእኛ ዶርም ብቻ አራት ሆነን አመለከትን። የጽሑፍ ፈተናው አለፈ፤ መምህራን ፊት ቆሞ ማስተማሩም አለፈ፤ ቃለ መጠይቁም አለፈ። የቀረው መጠበቅ ነበር። ሰው ደግሞ ሲጠብቅ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

«ኢሜይል ልጻፍላቸውና ላመስግናቸው» አለ አንዱ።

«አብደሃል እንዴ? ደጅ ልትጠና ነው?» አለ ሌላው። ሙግቱ እዚህ ላይ ጀመረ።

ተቃዋሚው ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። አገራችን ደጅ ጥናትን አሳምራ ታውቀዋለች። ሹመት ፈላጊ ከጌታው ደጅ ወራት ይቀመጥ ነበር፤ ጌታው ሲገባ እጅ ይነሣል፣ ሲወጣም እጅ ይነሣል። እጅ መንሻ የሚባልም ነገር አለ፤ ትልቅ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። በዚህ ላይ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ጨምሩበት። ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር፣ ውጤት ሳይነገር የሚላክን ምስጋና ማን ምስጋና ነው ብሎ ያምነዋል?

ከመካከላችን አንዱ ስለ ቃለ መጠይቁ ለእናቱ በስልክ ሲያወራቸው «ውይ ልጄ፣ ታዲያ ባዶ እጅህን?» ብለው ከመርዓዊ በሚመጣ ሚኒባስ አንድ ጣሳ ማር ላኩ። እናታችን ክፉ አላሰቡም። በእሳቸው ቤት ሰው የሚከበረው እንዲያ ነው። ሕግ ግን ጣሳውን እንጂ የእናትን ልብ አያይም፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል። ማሩን በዳቦ አድርገን እኛው ጨረስነው። ለእናቱም «መምህሮቹ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበሉም፤ እኛ ግን መርቀንዎታል» ተባለላቸው። ሳቁ፤ ደግሞም ገባቸው።

እንግዲህ ማሩ ቀረ። ቃሉስ ይቅር?

በአሜሪካ ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አጭር ምስጋና መላክ የተለመደ ወግ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚወዳደረው ደግሞ አንዳንዴ አንድና ሁለት ቀን ሙሉ ግቢው ውስጥ ይቆያል፤ ጥናቱን ያቀርባል፤ ዲኑን ያነጋግራል፤ ከመምህራኑ ጋር ምሳ ይበላል። ሰዎቹ አስተናግደውታልና ሲመለስ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ደብዳቤዋ ቅጥር ታመጣለች ብሎ የሚምል የለም። ኮሚቴ የሚፈርደው ባየውና በሰማው ነው። ደብዳቤዋ የጨዋ ልጅ ምልክት ናት፤ በቃ።

«ይኸው! የፈረንጅ ወግ ነው!» አለ ተቃዋሚያችን፤ ደስ ብሎት።

እኛ ግን የገዛ ቋንቋችን መልስ ያለው ይመስለናል። «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለውን ቀስ ብለን እንየው። እኔ እከፍልሃለሁ አይልም። አንተም ነገ ጨምርልኝ አይልም። የእኔን ዕዳ እግዜር ይክፈልልኝ ነው የሚለው። ሒሳቡ ከሁለት ሰዎች መካከል ይወጣና ይዘጋል። በዚሁ በጎጃም ምድር፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ቁራሽ የሰጠችውን ሴት ደግሞ መርቆ ይሄዳል። ልመናውን አስቀድሞ፣ በግልጽ፣ በደጃፍ ቆሞ ጨርሶታል። ምርቃቱ ውስጥ ልመና የለም፤ ለነገው ቁራሽም ቀብድ አይደለም።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ልመናችን ማመልከቻችን ናት፤ ፊርማና ቀን አላት፤ ተመዝግባ ገብታለች። ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ ምስጋና አንዲት የልመና ቃል ከገባችበት ደጅ ጥናት ሆነ። ካልገባችበት ግን ምርቃት ናት፤ ምርቃት ደግሞ ነውር ሆና አታውቅም።

ከዚህ ተነሥተን አንዳንድ ነገር ብንጠቁም ቅር አትሰኙም። ጊዜው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ሳምንት ከቆየ ውጤት መጠየቂያ ይመስላል። መንገዱ ኢሜይል ነው፤ ለሊት ስድስት ሰዓት ላይ የቴሌግራም መልእክት መላክ አይሆንም፤ ስልክ መደወልም፣ ኮሪደር ላይ መጠበቅም፣ ይልቁንም «አጎቴ ያውቃቸዋል» ብሎ ሰው መላክ ጭራሽ አይሆንም። የሚጻፈው ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ የሌሎቹ አድራሻ ካለ ለያንዳንዳቸው። አንዱን ጽሑፍ ስም እየቀያየሩ ማዳረስ ግን አያዋጣም፤ መምህራን ቢሮ ይጋራሉ፤ ይተያያሉ። ቀጠሮውን ያስያዘችውን ጸሐፊ አትርሱ፤ እሷን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ማዕረግ ይስተካከል፤ ዶክተሩን ዶክተር፣ አቶውን አቶ። አንቱታውም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይዝለቅ። «ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ» ብሎ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት የሚያደርግ አይጠፋምና፣ እባካችሁ!

ከመካከላችን ከተጻፉት ደብዳቤዎች አንዷ ይህች ነበረች፦

«የተከበሩ ዶክተር፣ ትናንት ጊዜዎን ሰጥተው ስላነጋገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ‹ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያልገባውን ተማሪ እንዴት ታውቀዋለህ?› ያሉኝን ጥያቄ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። የትም ባስተምር ይዤው እሄዳለሁ። ለሌሎቹ መምህራንም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ከአክብሮት ጋር።»

አምስት መስመር አትሞላም። «ተስፋ አደርጋለሁ» የለባትም፤ «እጠባበቃለሁ» የለባትም፤ «ያለ አባት ያደግሁ ነኝ» የለባትም። ከጥያቄዎቹ አንዱን በስሙ መጥራቷ ደግሞ ሰውዬው ለማንም የሚላክ ወረቀት እንዳልደረሳቸው ያሳውቃል።

ተቃዋሚያችን የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «ፈጥኖ ያመሰገነ ለማማት ይቸግረዋል ይላሉ አበው። ዛሬ አመስግናችሁ ነገ ቢጥሏችሁስ? ምን ትሉ ይሆን?»

መልስ አጥተን ዝም አልን። መልሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ውጤቱ ሲለጠፍ ነው። ከአራታችን ሁለቱ ጽፈን ነበር፤ ሁለቱ አልጻፍንም። ያለፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተቃዋሚው! አንዲት መስመር ያልጻፈው! እንግዲህ ደብዳቤ ቅጥር እንደማያመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የዚያን ዕለት ማታ ዶርማችን ጸጥ ብሎ ነበር። አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣራ ያያል፤ አንዱ ጫማውን ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ያለፈው ልጅ ደግሞ ደስታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆታል። እንዲህ ባለ ማታ ከአፍ ለመውጣት የምትሽቀዳደም አንዲት ቃል አለች፦ «ዘመድ አለው እንዴ?» ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስንት ጓደኝነት አፍርሳለች! የጻፍነው ሁለታችን ግን ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጃችን ጥያቄው እንዳስተማረን ፈርመናል። ፈታኞቹን ማማት የራስን ፊርማ መፋቅ ሆነብን። ቃሏ ሳትወጣ ቀረች። ተነሥተን «እንኳን ደስ ያለህ» አልነው፤ ሻይ ጋበዘን፤ አራት ሆነን ገብተን አራት ሆነን ወጣን።

ስለዚህ የአበው ተረት እውነት ነው፤ የተነገረው ለማስፈራሪያ ቢመስልም ለእኛ ጥቅም ሆነ። የምስጋና ደብዳቤ ተቀባዩን አያስርም። የሚያስረው የጻፈውን ሰው ምላስ ነው። ይህ ማለት ግን በደል ሲደርስ ዝም ይባል ማለት አይደለም። ማስረጃ ያለው ሰው ቅሬታውን ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለሚመለከተው ያቅርብ። ቅሬታ የፊት ለፊት ነገር ነው፤ ያመሰገነ ሰውም ሊያቀርበው ይችላል። ሐሜት ግን የጓዳ ነው።

ከወደቁት አንዱ ከውጤቱ በኋላ ሌላ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ አመሰገነና «በየትኛው በኩል እንደደከምኩ ቢነግሩኝ እማርበታለሁ» አለ። መምህሩ ሁለት መስመር መለሱለት፦ ስታስረዳ ትቸኩላለህ፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍከውን ተማሪው ሳይገለብጥ ታጠፋዋለህ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ገልብጦ ከአልጋው በላይ ለጥፏቸዋል።

መጪው ሰሞን የእናንተ ነው። ጻፉ። አጭር ትሁን፤ በማግስቱ ትሂድ፤ ምንም አትለምኑባት። እናቶቻችሁ ማር ከላኩ ግን ለመምህራኑ እንዳታስቸግሩ፤ የእኛ ዶርም የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።