ዓመሏን ያልረሳች

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የሚነገረው ለነቀፋ ነው። ምንኵስና ለብሶ አሮጌ ግብሩን ያልተወውን ሰው የምንወጋበት ነውና፥ ድመትን ያመሰገነበት ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ነገር ግን ተረትም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ እኔም በ2012 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሌላ ፍች አገኘሁለት።

በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የኮሮና ደዌ ወደ አገራችን መግባቱ ታወቀ። ከዚህ በኋላ የሰው ልማድ ሁሉ በጥቂት ቀን ተለወጠ። እጅ መጨባበጥ፥ መስቀል መሳለም፥ ለቅሶ መድረስ፥ ማኅበር መጠጣት የሚያስፈራ ሆነ። የቅኔ ተማሪዎቼም አኮፋዳቸውን አንግተው ወደየአገራቸው ሄዱ። በቤቴ የቀረነው እኔና አንዲት ዥንጉርጉር ድመት ነበርን። ስሟን «ዘረፋ» ብለው ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ከጓዳ ትዘርፋለችና። ከቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሁለተኛውን ፍች ሳልነግረው ያውቀዋል።

ድመት ከመጽሐፍ ሰው ጋር መኖሯ እንግዳ ነገር አይደለም። ብራና ቆዳ ነውና አይጥ ይበላዋል፤ አባቶቻችንም መጽሐፉን በማኅደር አድርገው ከግድግዳ የሚሰቅሉት ስለዚህ ጭምር ነው። የጥንት ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት በቆጵሮስ ደሴት 9500 ዓመት ያህል የሆናት፥ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት አግኝተዋል። እህል ሲከማች አይጥ መጣ፥ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች ይላሉ። እኔና ዘረፋም የተዋዋልነው በዚሁ ነበር።

በዚያ ወራት በየሰዓቱ ሬዲዮ እከፍት፥ የታመመውንና የሞተውን ቍጥር እሰማ ነበር። ሌሊትም ገና ያልደረሰውን ሁሉ በሐሳቤ አደርሰዋለሁ። በሚያዝያ መጀመሪያ የቅኔ መምህሬ በአገራቸው ዐረፉ። ያረፉት በእርጅና እንጂ በወረርሽኙ አልነበረም፤ ነገር ግን መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና ለቀብራቸው አልደረስሁም። ለሌላው ሁሉ ቅኔ ሳቀርብ ኖሬ፥ ለእርሳቸው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ እምቢ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ጽኑ ነጐድጓድ ሆነ። ዘረፋ ጸጕሯ ቆሞ ከአልጋ ሥር ገባች። ድምፁ ሲያልፍ ወጥታ ከአጐዛው ላይ ተቀመጠችና እጇን እየላሰች ፊቷን ታብስ ጀመር፤ ወዲያውም ተኛች። አትፈራም አልልም፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ትፈራለች። ነገር ግን ፍርሃቷ ከነጐድጓዱ ጋር ይመጣል፥ ከነጐድጓዱም ጋር ይሄዳል፤ ነገ የሚጮኸውን ዛሬ አትሸሸውም። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ወፎችንና አበቦችን፥ ሰሎሞንም ገብረ ጕንዳንን መምህር አድርገው ሰጥተውናል፤ ድመትን ግን የሾማት የለም። ጾም ስለማታውቅ ይሆናል።

ይልቁንም የደነቀኝ ከአይጥ ጕድጓድ ፊት ስትቀመጥ ነው። አራት እግሯን ሰብስባ፥ ጆሮዋን ብቻ አልፎ አልፎ እያዞረች፥ ረጅም ሰዓት ትቈያለች። አይጡ ያልወጣ እንደ ሆነ አትቈጣም፤ ተነሥታ ትንጠራራለች፥ ጥቂት ተኝታም ትመለሳለች። አገር ሁሉ ዓመሉን ባጣበት ወር እርሷ ዓመሏን አልረሳችም። ይህንንም አቀማመጥ ዐውቀዋለሁ። በልጅነታችን ለቅኔ ቈጠራ ከቍጥቋጦ ሥር ደበሎ ተከናንበን ስንቀመጥ እንዲሁ ነበርን። መምህራችን ቃል የሚያሯሩጠውን ተማሪ ይገሥጹት ነበር፤ ምሥጢሩ እስኪወጣ ዝም ብሎ መጠበቅን ያስተምሩን ነበር።

ከዚህ በኋላ ሬዲዮውን በቀን አንድ ጊዜ፥ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ብቻ እከፍት ጀመር። የሞቱት ቍጥር በዚህ አልቀነሰም። ጧት ጧት ግን ጋቢዬን ተከናንቤ ከዘረፋ ጐን እቀመጥ ነበር፤ እርሷ ለአይጧ፥ እኔ ለቅኔው። ትንሣኤ በሚያዝያ 11 ቀን ሆነ፤ ብዙው ሕዝብ በየቤቱ ሆኖ አከበረው። የመጀመሪያው ቤት በማግሥቱ መጣልኝ፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አስጠበቀኝ። በዚያ ሳምንት እርሷ ሦስት አይጥ ይዛለች፤ ከእኔ ትፈጥናለች።

ተማሪዎቼ በተመለሱ ጊዜ የመምህሬን ጉባኤ ቃና ዘረፍሁላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፥ አንዱም አለቀሰ። ዘረፋ ግን አልሰማችም፤ ከመሶቡ ሥር አይጥ ሸቷት ነበር።